ስላይዱ ላይ ያለውን ካነበብኩላችሁ እኔ ለምን መጣሁ?

(ስለ ስላይድ አሰራር አንድ ስልጠና ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። የተቀዳውን ድምፅ እየሰማሁ ነው የጻፍኩት፣ እዚህም እዚያም ቆርጫለሁ፣ አነጋገሬን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እሺ እንጀምር። ኋላ ያላችሁ ይሰማል? ስክሪኑስ ይታያል? አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፣ እሱን ማንበብ ካቃታችሁ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እጅ አውጡና ንገሩኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ አቅርብ ተባልኩ፣ የተሰጠኝ ጊዜ 20 ደቂቃ፣ እኔ ይዤ የሄድኩት ደሞ 52 ስላይድ። ሌሊቱን ሙሉ ስሰራ ነው ያደርኩት፣ እያንዳንዱ ላይ ስምንት ዘጠኝ ነጥብ፣ ከጎኑ ቻርት፣ ከታች ሎጎ፣ ከላይ ደሞ የሚሽከረከር ምናምን። 19ኛው ላይ ስደርስ ሰብሳቢው "ሦስት ደቂቃ ቀረህ" አለኝ። ከዛ ምን ባደርግ ጥሩ ነው፣ "ይሄን እንለፈው፣ ይሄንም እንለፈው፣ ይሄ እንኳን ግልፅ ነው" እያልኩ የቀረውን ሁሉ እንደ ካርታ ገለበጥኩት። ተጨበጨበልኝ። ስወርድ አንድ ትልቅ ሰው መጡና "ልጄ ብዙ ለፍተሃል፣ ግን ምን እንድንወስንልህ ነው የፈለግከው?" አሉኝ። መልሱ 47ኛው ስላይድ ላይ ነበር። ማንም አላየውም።

ያን ቀን በጣም ተናድጄ ነበር፣ በሰብሳቢው፣ በሰዓቱ፣ በሁሉም። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ እነዛን ስላይዶች የሰራኋቸው ለተሰብሳቢው አልነበረም፣ ለራሴ ነበር። እንዳልረሳ፣ የምለው እንዳይጠፋኝ፣ ለፍቷል እንድባል። ስላይድ የሚበላሽበት አንድ ትልቅ ምክንያት በሉኝ ብትሉ ይሄ ነው፣ ለተናጋሪው ማስታወሻ የሆነ ነገር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሰው እንዲያየው ይደረጋል። ማስታወሻ ደሞ ያስፈልጋል፣ ማንም ሳያስታውስ አይናገርም፣ ግን ቦታው ሌላ ነው፤ ፓወርፖይንት ከስላይዱ ስር ኖት የሚጻፍበት ቦታ አለው፣ ስታቀርቡ እናንተ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ይታያል፣ ሌላው ሰው አያየውም። እሱን ማብራት ይቻላል፣ ወይ ደሞ በቃ ወረቀት ላይ ጻፉት።

አሁን ለምን ጽሑፍ የበዛበት ስላይድ እንደማይሰራ እንይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "ያው ያስጠላል" ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ነገሩ ግን የማማርና ያለማማር ጉዳይ አይደለም። ጽሑፍ ስታሳዩት ሰው ያነባል፣ እንዳያነብ ማድረግ አትችሉም፣ ዓይኑ በራሱ ይሄዳል። ሲያነብ ደሞ ውስጡ ቃሉን ይሰማል፣ እናንተ ደሞ በዛው ሰዓት ሌላ ቃል ትነግሩታላችሁ። ሁለት ሰው በአንዴ ሲያወራችሁ ማለት ነው። "አይ እኔ እኮ ያለውን ነው የማነበው፣ አንድ ዓይነት ነው" ትሉኝ ይሆናል፣ እሱ ይብሳል፣ ምክንያቱም በዝምታ የሚያነብ ሰው ጮክ ብሎ ከሚያነብ ይፈጥናል፣ እናንተ ሁለተኛው መስመር ላይ ስትሆኑ እሱ ጨርሶ ስልኩን አውጥቷል። ሪቻርድ ሜየር የሚባል የትምህርት ሳይኮሎጂ ተመራማሪ ይሄን ለብዙ ዓመት በሙከራ ሲያየው ቆይቷል፣ ሥዕል ከንግግር ጋር ሆኖ የሚቀርብለት ሰው፣ ሥዕልም ንግግርም ያው ንግግሩ በጽሑፍም ተደርቦ ከሚቀርብለት ሰው የተሻለ እንደሚማር ነው ያገኘው። ጽሑፉን መጨመር ጥቅም ይመስላል፣ ግን ሸክም ነው።

እግረ መንገዴን፣ "አንድ ስላይድ ላይ ከሰባት ነጥብ አይበልጥም፣ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው" የሚል ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። ምንጩ ጆርጅ ሚለር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1956 የጻፈው ስለ "ሰባት ሲደመር ሲቀነስ ሁለት" የሚያወራ ጥናት ነው። ጥናቱ ግን ስለ ስላይድ አንድም ነገር አይልም (በ1956 ፓወርፖይንት የት ነበርና)፣ ሰው ለአፍታ በጭንቅላቱ ስንት ነገር ይዞ ሊቆይ እንደሚችል ነው የሚያወራው። በኋላ በ2001 ኔልሰን ኮዋን የሚባል ሌላ ተመራማሪ ቁጥሩን ወደ አራት ገደማ አወረደው። ስለዚህ ሰባት ነጥብ የሚለው ሕግ ሰባት ነጥብ ለመጻፍ ምክንያት የፈለገ ሰው ያወጣው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፣ ርዕስ። ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ውጡ ብባል ይሄን ነው የምሰጣችሁ። የብዙ ሰው ስላይድ ርዕስ የመሳቢያ ስም ነው። "የስልጠናው ሁኔታ"፣ "ውጤቶች"፣ "ተግዳሮቶች"፣ "ቀጣይ አቅጣጫ"። መሳቢያው ውስጥ ምን እንዳለ ግን አይነግራችሁም፣ ከፍታችሁ ፈልጉ ነው የሚላችሁ። ምሳሌ ልስጣችሁ፣ የፈጠርኩት ምሳሌ ነው። 200 ሰው የስድስት ሳምንት ስልጠና ጀመረ እንበል፣ 80ው ጨረሰ። ዳታውን ስታዩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ላይ ሰው የለም የቀረ ማለት ይቻላል፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ግማሹ ብን ብሎ ጠፋ። ስላይዱ ላይ "የስልጠና ተሳትፎ መጠን በሳምንት" ብላችሁ ብትጽፉ ሰው ቻርቱን አይቶ የራሱን ነገር ያስባል፣ አንዱ "80 ሰው ጥሩ ነው"፣ ሌላው "አሰልጣኙ ደካማ ነው"፣ ሌላው ደሞ ስለ ቀለሙ። "ሰው የሚያቆመው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው" ብትሉ ግን ሁሉም ዓይን ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያርፋል፣ ጥያቄውም "ሦስተኛው ሳምንት ላይ ምን አለ?" ይሆናል፣ እናንተም እዛ ነው ልትወስዷቸው የፈለጋችሁት።

ቀላል መፈተሻ አለኝ፣ ርዕሳችሁ ውስጥ ግስ አለ ወይ? ካለ አንድ ነገር ብላችኋል፣ ከሌለ ግን መሳቢያ ላይ ስም ለጥፋችኋል። እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ርዕሱ ሦስት መስመር ከሆነ ሰውየው "ነው" ይሁን "አይደለም" የሚያውቀው ሦስተኛው መስመር ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው፣ "ባለፉት ስድስት ሳምንታት በተካሄደው ስልጠና የተሳተፉ ሰልጣኞች ቁጥር ከታሰበው አንጻር ሲታይ..." እያለ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አይጨርስም። እንግሊዝኛ ቀድሞ ይናገርና በኋላ ያብራራል፣ እኛ ቀድመን አብራርተን በኋላ ነው የምንናገረው። ስለዚህ በአማርኛ ስላይድ ስትሰሩ ርዕሱን አንድ መስመር፣ ቢበዛ ሁለት አድርጉት፣ "አንጻር"፣ "በተመለከተ"፣ "ጋር በተያያዘ" የሚሉትን አውጡና ጣሉ፣ ምንም አይጎድልም፣ ሞክሩት።

ይሄ ርዕስ ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ኮሎምቢያ የምትባለው የናሳ መንኮራኩር በፈረንጆች ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ወደ ጠፈር ተነሳች። በተነሳች በ82 ሰከንድ ገደማ ከትልቁ የነዳጅ ታንክ ላይ የሙቀት መከላከያ ፎም ተቆርጦ ግራ ክንፏን መታት። ሰዎቹ ላይ ሆነው ሥራቸውን እየሰሩ ነው፣ ታች ያሉ ኢንጂነሮች ደሞ ጉዳቱ ምን ያህል ነው የሚለውን እያጠኑ ለኃላፊዎች ያቀርባሉ፣ በምን? በስላይድ። ከነዛ ስላይዶች አንዱ በኋላ በጣም ታዋቂ ሆነ። ርዕሱ ረጅም ነው፣ ባጭሩ ሲፈታ የድሮው የሙከራ ዳታ ሲታይ ስሌታችን ወደ ጥንቃቄ ያደላ ነው የሚል ስሜት አለው፣ ሰው ሲያነበው ይረጋጋል። ከስሩ ነጥብ፣ ከነጥቡ ስር ሰረዝ፣ ከሰረዙ ስር ሌላ ትንሽ ነጥብ፣ እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፣ ፊደሉም ደረጃው በወረደ ቁጥር ያንሳል። እና መጨረሻ፣ ታች፣ ትንሹ ቦታ ላይ ምን ይላል መሰላችሁ፣ ክንፉን የመታው ፎም 1920 ኪዩቢክ ኢንች ነው፣ ሙከራው የተደረገበት ግን 3 ኪዩቢክ ኢንች ነበር።

አካፍሉት፣ 640 እጥፍ ነው። ማለት ሙከራው ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይነግረንም ማለት ነው። የስላይዱ ዋና ዜና እሱ ነው፣ ርዕስ መሆን የነበረበት እሱ ነው፣ ግን ታች ተቀብሯል፣ ርዕሱ ደሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጎትታል። በዛ ላይ እንግሊዝኛው "ጉልህ" የሚለው ቃል አምስት ቦታ ገብቷል፣ ምን ያህል ጉልህ እንደሆነ ግን አንዱም ቦታ ላይ አይናገርም። ፌብሩዋሪ 1 ቀን ስትመለስ ኮሎምቢያ አየር ላይ ተበታተነች፣ የነበሩት ሰባቱም ሞቱ። ኤድዋርድ ተፍት የሚባለው የመረጃ አቀራረብ ምሁር ስላይዱን መስመር በመስመር ተንትኖታል፣ የአደጋው መርማሪ ቦርድም በሪፖርቱ ውስጥ አንስቶታል፣ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ ይሄን ስላይድ አንብቦ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ እንዳለ ባይገባው አይገርምም የሚል ነገር ነው ያሉት። ስላይድ ክንፍ አይሰብርም፣ ክንፉን የሰበረው ፎም ነው፣ ከጀርባውም ብዙ የአሰራር ችግር ነበር፣ እሱን ላጋንን አልፈልግም። ግን ያወቁ ሰዎች ያወቁትን ጽፈውት ነበር እኮ፣ ስላይዱ ላይ አለ፣ አልደበቁም። አለመታየቱ ነው።

ከዛ ወዲህ "ታች ምን ቀብሬያለሁ?" ብዬ ስላይዶቼን አያለሁ። ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሰው ደስ የማይል ዜና ሲኖረው ሳያውቀው ወደ ታች ይገፋዋል፣ ትንሽ ያደርገዋል፣ በቅንፍ ያስገባዋል።

እሺ፣ ስለ መጠን። "ስንት ይሁን ፎንቱ?" የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። ስለ ቢዝነስ የሚጽፈው ጋይ ካዋሳኪ 10 ስላይድ፣ 20 ደቂቃ፣ ፎንት ከ30 አይነስ የሚል ደንብ አለው፣ መጥፎ አይደለም፣ ግን እኔ ቁጥር ከመስጠት ሒሳቡን ባሳያችሁ ይሻላል። አሁን የተለመደው ሰፊው ስላይድ ቁመቱ 7.5 ኢንች ነው፣ በፎንት መለኪያ 540 ፖይንት። ስለዚህ 18 ፎንት ማለት የስላይዱ ቁመት አንድ ሠላሳኛ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ምስል ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ 18 ፎንት 5 ሴንቲሜትር ነው፣ ፊደሉ ራሱ ደሞ ከዛ ያንሳል። ከ12 ሜትር ላይ ሆናችሁ አንብቡት እስቲ። መሞከሪያው ቀላል ነው፣ 12 ሜትር ለአንድ ሜትር ተኩል ምስል ስምንት እጥፍ ነው፣ የላፕቶፓችሁ ስክሪን ቁመቱ 17 18 ሴንቲሜትር ቢሆን ስምንት እጥፉ አንድ ሜትር ከ40 ገደማ ይሆናል። ስላይዱን ሙሉ ስክሪን አድርጉ፣ ተነሱ፣ ሁለት ትልቅ እርምጃ ወደኋላ ሂዱ። ማንበብ ካልቻላችሁ ኋላ ያለው ሰውም አይችልም። ዓይናችሁን ጠበብ ካደረጋችሁ ማንበብ ከቻላችሁም አይቆጠርም።

ለግዕዝ ፊደል ደሞ ከዛም ከፍ አድርጉ። የላቲን ፊደል አንዱ ካንዱ ቅርፁ በጣም ይለያያል፣ የኛ ግን ቡ እና ቢን ተመልከቷቸው፣ ልዩነታቸው አንዲት ጭራ መሀል ወጣች ታች ወጣች ነው፣ ሱ እና ሲም እንደዛው። ፊደሉ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ጭራ ናት፣ እና ሰውየው ቃሉን ከማንበብ ይልቅ በግምት ይሞላዋል። ቦልድ ስታደርጉትም ተጠንቀቁ፣ አንዳንድ ፎንት ላይ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈንና ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል፣ ዐ እና ፀ ምን እንደሚሆኑ እዩ። ማጋደል (ኢታሊክ) የሚባለውን ተዉት፣ የኛ ፊደል ማጋደል አልፈጠረበትም፣ የወደቀ አጥር ነው የሚመስለው። ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚባል ነገርም ስለሌለን ለማጉላት የቀረን መጠንና ቀለም ነው፣ ሁለቱን በቁጠባ ተጠቀሙባቸው።

እና ፎንት ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ አብሮ አይሄድም፣ ይሄን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። ቤት ቆንጆ የአማርኛ ፎንት ጭናችሁ ሰርታችሁ አዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ወይ ሌላ ፎንት ይተካበታል፣ መስመሩ ሁሉ ይሰበራል፣ ወይ ደሞ ባዶ አራት ማዕዘን ሳጥን ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ፋይሉን ሴቭ ስታደርጉ ፎንቱን አብሮ እንዲይዝ የሚያደርግ ምርጫ አለ፣ እሱን ምቱት፣ በተጨማሪ ሁሌም አንድ የፒዲኤፍ ኮፒ ያዙ። አኒሜሽናችሁ ይቀራል እንጂ ፊደሉ አይጠፋም። (አኒሜሽኑ ቢቀርም አይጎዳም።)

ቀለም። አንድ ነገር አስቡ፣ ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም የለውም። ብርሃን ነው የሚተፋው፣ ጥቁር ያላችሁት ቦታ ላይ ብርሃን አይልክም በቃ፣ ስለዚህ እዛ ቦታ የምታዩት ግድግዳውን ነው። ክፍሉ ጨለማ ከሆነ ግድግዳው ጥቁር ይሆናል፣ ያምራል፣ መብራት በርቶ መስኮት ተከፍቶ ከሆነ ግን ያ የሚያምረው ጥቁር ባክግራውንድ አመድ ይሆናል፣ ላዩ ላይ ያለው ሰማያዊ ጽሑፍም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ክፍሉን የማታውቁት ከሆነ ነጣ ያለ ባክግራውንድ ላይ ጠቆር ያለ ጽሑፍ አድርጉ፣ አያሳፍርም። ለዌብሳይት የወጣው የተደራሽነት መመሪያ በጽሑፍና በባክግራውንድ መካከል ያለው የብሩህነት ንፅፅር ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 ይሁን ይላል፣ ይሄን የሚለኩ ነፃ መሳሪያዎች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። እኔ ለፕሮጀክተር ከዛ ከፍ አድርጌ ነው የምይዘው፣ ምክንያቱም ላፕቶፕ ላይ የምታዩት ንፅፅር ግድግዳ ላይ ሲደርስ ይቀንሳል። ነጭ ላይ ቢጫ የሚጽፍ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ እዚህም አላችሁ፣ አልጠራም።

ቀይና አረንጓዴ ደሞ ለብቻቸው ትርጉም እንዲይዙ አታድርጉ፣ "አረንጓዴው የተሳካው ቀዩ ያልተሳካው" ካላችሁ አዳራሹ ውስጥ የማይለያቸው ሰው ሊኖር ይችላል። ቁጥሩ እንደ ሕዝቡ ይለያያል፣ ከሰሜን አውሮፓ ዘር የሆኑ ወንዶች ላይ ለምሳሌ ከ12ቱ አንዱ ገደማ ነው፣ ሴቶች ላይ በጣም ያነሰ። ቃል ጻፉበት፣ ወይ ምልክት አድርጉበት።

ቻርት ላይ ብዙ መቆየት እችል ነበር ግን ሰዓቱን እያየሁ ነው። የኬክ ቁራጭ የሚመስለው ቻርት፣ ሁለት ሦስት ቁራጭ ካለው ይሁን፣ ዘጠኝ ቁራጭ ሲኖረው ግን የቱ እንደሚበልጥ ማንም አያውቅም። በ1984 ክሊቭላንድና ማክጊል የሚባሉ ተመራማሪዎች የሰው ዓይን ምንን በትክክል እንደሚያወዳድር ሞክረው ነበር፣ በአንድ መስመር ላይ የተሰለፈ ርዝመትና ቦታን ማወዳደር ጥሩ እንደምንችል፣ ማዕዘንና ስፋት ላይ ግን እንደምንሳሳት ነው የወጣው። ስለዚህ ዘንግ የሚመስለውን ባር ቻርት ተጠቀሙ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩት። ከዛ የስልጠናዋን ምሳሌ አስታውሱ፣ ስድስቱንም ሳምንት ስድስት ቀለም አትቀቡ፣ አምስቱ ግራጫ ይሁኑ፣ ሦስተኛው ሳምንት ብቻ ደመቅ ይበል። ዝርዝር ማብራሪያውን ከጎን ሳጥን ውስጥ ከማስቀመጥ ስሙን ባሩ ላይ ጻፉት፣ ሰው ዓይኑ ቻርቱና ሳጥኑ መካከል እንዳይመላለስ። ባለ ሦስት ገፅታ (3D) የሚባለውን ቻርት ደሞ፣ እባካችሁ። ፊት ያለው ዘንግ ኋላ ያለውን ይሸፍናል፣ ሁሉም ይጋደላል፣ ቁጥሩን ከየት ጀምሮ እንደምታነቡት አታውቁም።

ከኤክሴል ላይ ሠንጠረዥ ገልብጦ መለጠፍም አለ፣ ከዛ "እዚህ ጋ እንደምታዩት" ይባላል። አናይም። የምታሳዩን ቁጥር ሁለት ከሆነ ሁለቱን ብቻ በትልቁ ጻፉት፣ 200 እና 80።

አሁን አንድ ክርክር አለ፣ እውነተኛ ክርክር ነው። "ስላይዱን በኋላ ላኩልን ይሉናል፣ ያልመጣ ሰው ብቻውን ሲያነበው እንዲገባው ሁሉም ነገር መጻፍ አለበት።" ልክ ነው፣ ይላካል። ግን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ለሚያነብ ሰው በቂ የሆነ ነገር ለሚሰማ ሰው ይበዛል፣ ለሚሰማ ሰው የሚመች ነገር ለሚያነብ ባዶ ነው። ሁለት ነገር አዘጋጁ፣ አንዱ ስላይድ፣ ሌላው ሁለት ሦስት ገፅ የሚሆን ጽሑፍ። ሥራው የሚበዛ ይመስላል፣ ግን ጽሑፉን ቀድማችሁ ከጻፋችሁ ስላይዱ ከሱ ውስጥ በራሱ ይወጣል፣ እኔ ካየሁት አጠቃላይ ጊዜው ያንሳል እንጂ አይጨምርም። እንዲያውም ጉዳያችሁ በጣም ዝርዝር ከሆነ ስላይድ ያስፈልጋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አማዞን ውስጥ መስራቹ ጄፍ ቤዞስ በ2004 የበላይ ኃላፊዎች ስብሰባ ላይ ፓወርፖይንት ይቅር ብሎ በምትኩ እስከ ስድስት ገፅ የሚደርስ ጽሑፍ እንዲመጣ አደረገ፣ ስብሰባው ሲጀመር ሁሉም ቁጭ ብለው በዝምታ ያነቡታል፣ ከዛ ይወያያሉ። ለሁሉም ቦታ ይሰራል አልልም፣ ግን ስላይድ የግድ አለመሆኑን ያሳያል።

ስለዚህ ላፕቶፑን ቶሎ አትክፈቱ። ላፕቶፑን ከከፈታችሁ ቴምፕሌት ትመርጣላችሁ፣ ቀለም ትመርጣላችሁ፣ ሁለት ሰዓት ያልፋል፣ ምን እንደምትሉ ግን ገና አልወሰናችሁም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ 52ቱ ስላይዶቼ ላይ የሆነው እሱ ነው። ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ "ሰዎቹ ከዚህ ሲወጡ ... እንዲያደርጉ እፈልጋለሁ"፣ ነጥብ ነጥቡን ሙሉት። መሙላት ካቃታችሁ ስላይድ ለመስራት ገና ናችሁ። ከሞላችሁት ደሞ ያንን ነገር 47ኛ ላይ አታስቀምጡት፣ ሰዓት ሁሌም ያጥራል፣ የሚቆረጠውም ሁሌ ከኋላ ነው።

ሁለት ሦስት የእጅ ነገሮች በፍጥነት። ስታቀርቡ ሰው እናንተን እንዲያይ ከፈለጋችሁ ቢ የምትለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ንኩ፣ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ድጋሚ ስትነኩት ይመለሳል፣ ፓወርፖይንት ላይ ነው። የስላይዱን ቁጥር ጽፋችሁ ኢንተር ስትመቱ በቀጥታ እዛ ስላይድ ላይ ይወስዳችኋል፣ ጥያቄ ሲመጣ "አንዴ" እያላችሁ 30 ስላይድ ወደኋላ ከመገልበጥ ያድናል። የመጨረሻው ስላይድ ላይ ደሞ "አመሰግናለሁ" ብቻ ጽፋችሁ አትቁሙ፣ ጥያቄና መልስ 15 ደቂቃ ቢወስድ ሰው 15 ደቂቃ ሙሉ የሚያየው እሱን ነው። ምስጋናውን በአፋችሁ በሉት፣ ስክሪኑ ላይ እንዲወስኑላችሁ የምትፈልጉትን ነገር ተዉት።

ጨርሻለሁ፣ ጥያቄ እንውሰድ።

(ከተነሱት ውስጥ ሦስቱን ብቻ አስቀምጫለሁ።)

አንዷ እህት "አለቃዬ ሁሉም ዝርዝር ስላይዱ ላይ ካልገባ አልሰራሽም ይለኛል፣ ምን ላድርግ?" ብላ ጠየቀች። መልሴ፣ አስገቢለት፣ ግን ከመጨረሻው ስላይድ በኋላ። ዋናዎቹ ስምንት ስላይዶች፣ ከዛ የመዝጊያው፣ ከሱ ኋላ 20 የዝርዝር ስላይድ ይቀመጥ። ስታቀርቢ አታሳዪውም፣ ሰው ሲጠይቅ ቁጥሩን መትተሽ ትሄጃለሽ፣ እንዲያውም የተዘጋጀሽ መሆንሽ ይበልጥ ይታያል። አለቃሽ የሚፈራው እኮ ተጠይቃ መልስ ታጣለች ብሎ ነው።

አንድ ወንድም ደሞ "አሁን መሳሪያዎቹ በአንድ ደቂቃ 20 ስላይድ ይሰሩልኛል፣ ለምን እደክማለሁ?" አለ። አትድከም፣ ተጠቀምበት፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን ያቺን ዓረፍተ ነገር አንተ ሙላና ስጠው፣ ካልሰጠኸው ሁሉም ሰው ሊያቀርበው የሚችል ስላይድ ነው የሚሰጥህ። ሲጨርስ ደሞ ርዕሶቹን ብቻ ከላይ እስከ ታች አንብባቸው፣ ሌላውን ሳታይ። ርዕሶቹ ብቻቸውን ነገሩን ካልነገሩህ የተሰራልህ ጌጥ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ እያሳቀች የጠየቀችኝ ልጅ ናት፣ "52ቱ ስላይዶች አሁንም አሉ?" አሉ። ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ ፈልጌ ከፍቻቸው ነበር፣ ርዕሶቹን ብቻ አንድ በአንድ አነበብኩ። ከ52ቱ ውስጥ ግስ ያለው አንድ ርዕስ ብቻ ነው፣ እሱም "እናመሰግናለን" የሚለው።